ከኋላ የቀረችዋን ምን ይላታል?

እኛ አገር አሰልጣኝ የሚለካው በአንድ ጥያቄ ነው። «ስንት ሻምፒዮን አወጣ?» ሜዳሊያ ያመጣ ልጅ ካለው ይከበራል። ከሌለው ስሙን የሚያነሳ አይገኝም። ጥያቄው ክፋት የለውም፤ ግን ይጎድለዋል። በአንድ አሰልጣኝ እጅ መቶ ልጅ ቢያልፍ መድረክ ላይ የሚወጡት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ እነሱም ከተገኙ። የቀሩትስ የት ደረሱ? አድገው፣ ሥራ ይዘው፣ ልጅ ወልደው፣ ሩጫ ሲነሳ ፊታቸው ይፈካል ወይስ ይጨልማል? ጠዋት ተነስተው ጫማቸውን ያስራሉ ወይስ ቴሌቪዥን ላይ ውድድር ሲመጣ ቻናል ይቀይራሉ?

እኔ ከቀሩት አንዷ ነኝ። ሜዳሊያ የለኝም፣ ስሜም የትም አልተጻፈም። ግን በሁለት አሰልጣኞች እጅ አልፌያለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ ለልምምድ ሳይነጋ እነሳ ነበር። በሁለተኛው ጊዜ እንዳይነጋብኝ እጸልይ ነበር። ሩጫው ያው ሩጫ፣ እግሬም ያው እግሬ ነው። የተለወጠው ፊሽካውን የያዘው ሰው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ ሳስብ ሐሳቤ ሁሌ በቆጂ ይሄዳል። (ዓመቶቹን በሙሉ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ከዚህች የአርሲ ከተማና ከአካባቢዋ ደራርቱ ቱሉ ወጥታ በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር አሸነፈች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የመጀመሪያዋ የኦሊምፒክ ወርቅ ባለቤትም ሆነች። ፋጡማ ሮባ በ1996 አትላንታ ላይ ማራቶኑን ወሰደች። በ2008 ቤጂንግ ላይ ደግሞ ቀነኒሳ በቀለ በወንዶች፣ ጥሩነሽ ዲባባ በሴቶች፣ 5,000ውንም 10,000ውንም ጠቅልለው ወሰዱት። ይሄ ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ከተማ!

ምክንያቱን የተጠየቀ ሰው መጀመሪያ ከፍታውን ይጠራል። በቆጂ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ ገብሱ፣ በሶው፣ የትምህርት ቤቱ ርቀት ይከተላል። ሁሉም እውነት አለው። ግን እኔ ያደግኩባት ደብረ ብርሃንም በከፍታ ከበቆጂ አታንስም። ገብሱም ሞልቶናል። የአበበ ቢቂላ የትውልድ መንደር ጃቶም ያው ሰሜን ሸዋ ነው። ነገሩ ከፍታ ብቻ ቢሆን ኖሮ ስንቱ የደጋ ከተማ በቆጂን በሆነ ነበር።

በቆጂ ውስጥ ግን ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የስፖርት መምህር ነበር። የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር። ደራርቱም፣ ቀነኒሳም፣ ጥሩነሽም በልጅነታቸው በእሱ እጅ አልፈዋል። ልጆቹ ሲጎለብቱ ወደ አዲስ አበባ ክለቦች ይሄዳሉ፤ ገንዘቡም ዝናውም ያለው እዚያ ነው። የእሱ ድርሻ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ልጁ ገና ምንም ሳይሆን፣ ማንም ሳያውቀው፣ ነገ ጠዋትም ሜዳው ላይ እንዲገኝ ማድረግ። ከአሰልጣኝነት ሥራ ሁሉ ከባዱ ይሄ ይመስለኛል። የሚመዘግበው ሰዓት የለም፣ የሚሸለምበት መድረክም የለም።

የእኔም የመጀመሪያ አሰልጣኝ የስፖርት መምህር ነበር። «ቲቸር» ነው የምንለው። ከትምህርት ሰዓት በፊት ከከተማው ወጣ ብሎ ወዳለው የባሕር ዛፍ ጫካ ይወስደናል። የደብረ ብርሃንን የጠዋት ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጆሮ ይቆርጣል። ጫካ ሩጫ የሠራ ሰው ደግሞ እንዴት እንደሚሮጥ ያውቃል። በአንድ መስመር ነው። የፊተኛው መንገድ ይመርጣል፣ በዛፎቹ መሃል ይጠማዘዛል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይመለሳል። የኋላው የፊተኛውን ተረከዝ እያየ ይረግጣል። ድንጋይ ወይ ሥር ካለ የፊተኛው ጣቱን እያጮኸ ወደ መሬት ይጠቁማል፣ ቀጣዩም ለኋለኛው እንደዚያው ያደርጋል። ትንሽ ቆይቶ የሁሉም እርምጃ አንድ ይሆናል። ያን ድምፅ ያልሰማ ሰው ሩጫ አሰልቺ ነው ቢል አልፈርድበትም።

በልማድ መስመሩን የሚመራው ጠንካራው ነው። አብራን አንዲት ልጅ ነበረች፤ ሁሌ መጨረሻ። መስመሩ ሲበጠስ የሚበጠሰው እሷ ጋ ነው። ቀስ እያለች መቅረት ጀምራ ነበር። አንድ ጠዋት ቲቸር ጠራትና «ዛሬ መሪዋ አንቺ ነሽ» አላት። ወንዶቹ አጉረመረሙ።

«ቲቸር፣ ቀስ ትላለች እኮ!»

«እኔም የፈለግኩት ቀስ እንድትሉ ነው» አለ።

ልጅቷ መጀመሪያ አላመነችም። በየደቂቃው ወደ ኋላ እየዞረች መከተላችንን ታያለች። ከዚያ ለመደችው። ማናችንም ሄደንበት በማናውቀው በኩል ይዛን ወጣች፤ ጫካው አልቆ የገብሱ ማሳ እስከሚታይበት ድረስ። ጣቷን እያጮኸች ድንጋይ ታሳየናለች። የትምህርት ቤቱ ፈጣን ልጅ ተረከዟን እያየ ይከተላታል!

ያኔ ቲቸር ለእሷ ያዘነላት ነበር የመሰለኝ። የሩጫን ሥራ ካወቅኩ በኋላ ግን ሌላም ነገር ገባኝ። ቀላል ልምምድ ቀላል መሆን አለበት። ከከባድ ቀን በኋላ ያለው ሩጫ ሰውነት የሚያገግምበት ነው፤ ጠንካሮቹ ልጆች ደግሞ እርስ በርስ እየተፎካከሩ ያበላሹታል። ለዝግተኛዋ ልጅ መሪነቱን ሲሰጥ ለእሷ ክብር ሰጣት፣ ለፈጣኖቹም የሚያስፈልጋቸውን እረፍት ሰጣቸው። ደግነቱና ሙያው አንድ ላይ ነበሩ። ጥሩ አሰልጣኝ ማለት ለእኔ እንግዲህ እሱ ነው። ልጅን ማክበር ከልምምዱ ጎን የሚቀመጥ ተጨማሪ ነገር አልነበረም፤ ልምምዱ ውስጥ ገብቶ ነበር።

አንድ ጊዜ የዞን የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ከመጨረሻዎቹ መሃል ገባሁ። ሰው ሁሉ ከአሸናፊዎቹ ጋር ነው። ቲቸር በሶ በጥብጦ በፕላስቲክ ጠርሙስ ይዞልኝ መጣ። «አይዞሽ» አላለኝም። «ሦስተኛው ዙር ላይ ያለፍሻትን ልጅ ኩርባው እስኪያልቅ ጠብቀሽ ነው ያለፍሻት፤ ማን ነገረሽ?» አለኝ። ማንም አልነገረኝም። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም። ያ ሁሉ ሯጭ ከፊቴ እያለ እኔን ያየኝ ሰው አለ ማለት ነው። ኩርባ ላይ ማለፍ ተጨማሪ ሜትሮች እንደሚያስሮጥም ያን ቀን ተማርኩ።

ሁለተኛው አሰልጣኝ አዲስ አበባ ነው፤ አንድ ክለብ ውስጥ፣ የወጣት ቡድን። ክለብ መግባት ትልቅ ነገር ነው። ደሞዝ አለው፣ ትንሽም ብትሆን። ቱታና ጫማ አለው። ሰርቪስ አለ፤ ሳይነጋ መጥቶ ወደ ሰንዳፋ ወይ ሱሉልታ ይወስዳል። አንድ ቀን ኮሮኮንች፣ አንድ ቀን አስፋልት፣ አንድ ቀን ጫካ። እናቴ ለጎረቤት ሁሉ ተናግራለች። አሰልጣኙ ሥራውን አያውቅም አልልም። ፕሮግራሙ የተጠና ነበር፣ ሰዓት ያከብራል፣ ሲሠራም አይሰለችም።

ግን ሚዛን ነበረው። ቅዳሜ ጠዋት ሰርቪስ ከመሳፈራችን በፊት ሲሚንቶው ላይ ያስቀምጠዋል። ሴቶቹ ተራ በተራ እንወጣለን። ወንዶቹ ከመኪናው አጠገብ ቆመው ያያሉ። ቁጥሩን ጮክ ብሎ ያነባል። ከቀነሰች ዝም ይላል። ከጨመረች ግን «ይቺ ለሠርግ ነው እንዴ የምትዘጋጀው?» ይላል። ወንዶቹ ይስቃሉ። እሱ የሚስቅ አይመስለኝም ነበር፤ ይሄን ያህል የሚጎዳ ነገር እያደረገ መሆኑን የሚያውቅም አይመስለኝም። እሱንም እንዲሁ እያሉ ይሆናል ያሳደጉት።

ዓርብ ማታ እራት የሚበላ ጠፋ። ከቡድናችን አንዷ ከሚዛኑ በፊት ውሃ እንኳ አትጠጣም ነበር። የእኔ የወር አበባ ቀረ። የሚጠይቀኝ አልነበረም፤ እኔም ለወንድ አሰልጣኝ እንዴት ብዬ እነግራለሁ? ቀጥሎ የቅልጥሜ አጥንት መታመም ጀመረ። መጀመሪያ ስሮጥ፣ በኋላ ደረጃ ስወርድ፣ መጨረሻ ላይ ተኝቼም። «ሰበብ አታብዢ» ተባልኩ። የሰርቪሱን ጥሩምባ ስሰማ ሆዴ ይገለበጥ ጀመር። አንድ ጠዋት አልወጣሁም። በማግስቱም አልወጣሁም። ማንም አልደወለም።

የሰውነቱን ጉዳይ በኋላ አንብቤ ተረዳሁት። አንዲት ሯጭ ለምታወጣው ጉልበት የሚበቃ ምግብ ካልበላች ሰውነቷ አንዳንድ ሥራዎቹን ማቆም ይጀምራል። የወር አበባ ይቀራል፤ አጥንት የሚያጠነክረው ሆርሞን ይቀንሳል፤ አጥንቱ ይሰነጠቃል። የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ባለሙያዎች በ2014 ስም ሰጥተው ለዓለም አሳውቀውታል። ወር አበባ መቅረቱን «ጥሩ ኮንዲሽን ላይ ነሽ ማለት ነው» ብሎ የሚያልፍ አሰልጣኝ ዛሬም አለ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። አጥንት የሚሰበርበትን ማስጠንቀቂያ የጥንካሬ ምልክት ማድረግ ነው።

አሜሪካዊቷ ሜሪ ኬን ታሪኳን ስትናገር የሰማሁ ቀን ብዙ ነገር ተመለሰብኝ። በ2013 የሞስኮ የዓለም ሻምፒዮና ላይ በ17 ዓመቷ የ1,500 ሜትር ፍጻሜ የሮጠች ልጅ ናት። ናይኪ ኦሪገን ላይ ወዳቋቋመው ቡድን ገባች፤ በጊዜው በዓለም ላይ በመሣሪያም በገንዘብም ከበለጸጉት አንዱ ነበር። አሰልጣኙ አልቤርቶ ሳላዛር ራሱ የኒው ዮርክና የቦስተን ማራቶኖችን ያሸነፈ ሰው ነው። በ2019 ኒው ዮርክ ታይምስ ላይ ቀርባ በሰው ፊት ትመዘን እንደነበር፣ ክብደት ቀንሺ እየተባለች እንደኖረች፣ ለሦስት ዓመት የወር አበባዋ እንደቀረ፣ አምስት አጥንቶቿ እንደተሰበሩ ተናገረች። ኦሊምፒኩ ቀርቶባት በሕይወት መቆየቱ ብቻ ነበር የሚያስጨንቃት። ሳላዛር ክሱን አስተባብሏል። በዚያው ዓመት በዶፒንግ ሕግ ጥሰት አራት ዓመት ተቀጣ፤ በ2021 ደግሞ የአሜሪካ የስፖርተኞች ደኅንነት ማዕከል በአትሌቶች ላይ በፈጸመው ጥፋት ከሥራው ለዘለቄታው አገደው።

የእኛ ሚዛን ዝገት የበላው ነበር። የእነሱ ምን ዓይነት እንደነበር አላውቅም፤ ግን ሁለታችንም የቆምንበት ቦታ አንድ ነው። ገንዘብ፣ ሳይንስ፣ ዘመናዊ ሜዳ ልጅን ከዚህ አያድንም። የሚያድናት አጠገቧ ያለው ሰው ነው።

ይሄን ሳወራ ሁሌ የሚመጣብኝ መልስ አለ። «የሩጫ ፍቅር ምናምን ለሀብታም አገር ነው። እኛ ጋ ልጅ የሚሮጠው ቤተሰቡን ለማውጣት ነው።» እውነት ነው፣ አልክደውም። አንድ ጥሩ ውድድር ቤት ይሠራል፣ ወንድም ያስተምራል። ግን ነገሩን ከዚያ በኩል እንየው። ማን ሰርቪስ ላይ እንደሚሳፈር የሚወስነው አሰልጣኙ ነው። ማን ለውድድር እንደሚመዘገብ፣ ማን ማናጀር ፊት እንደሚቀርብም እሱ ነው። የአንዲት የ16 ዓመት ልጅ እንጀራ ብቻ ሳይሆን የቤተሰቧም እንጀራ በእጁ ነው። የሀብታም አገር ልጅ ብታዝን ጥላው ትሄዳለች። የእኛዋ የት ትሄዳለች? ድህነቱ የአሰልጣኙን ሥልጣን ያበዛዋል። ስለዚህ ጠባዩ ከየትም አገር ይልቅ የሚያሳስበን እኛን ነው።

ደግሞ «ልጅ ካልተቆጡት አይሠራም» ይሉኛል። መቆጣትን ማን ከለከለ? ዶ/ር ወልደመስቀል ኮስትሬን የማያስታውስ የለም። ብሔራዊ ቡድኑን ለረጅም ዘመን የመሩ፣ በ2016 ያረፉ ሰው ናቸው። ጥብቅነታቸው የታወቀ ነው፤ ልምምድ ላይ ቀልድ አያውቁም። ቲቸርም ይቆጣ ነበር። ያረፈደ ልጅ ጫካ አይገባም፤ ሜዳው ዙሪያ ብቻውን ይሮጣል። ግን የሚቆጣው በሠራነው ወይ ባልሠራነው ነገር ነው፤ ነገ ልናስተካክለው በምንችለው። በሰውነቷ፣ በመልኳ፣ በቤተሰቧ የምትሰደብ ልጅ ግን ነገ ምኑን ታስተካክል?

ፍቅሩ ምን ያደርጋል ለሚለኝ ደግሞ ሁለት የበቆጂ ልጆችን እጠራለታለሁ። ደራርቱ በ2009 የኒው ዮርክ ማራቶንን ስታሸንፍ 37 ዓመቷ ነበር፤ ከባርሴሎና 17 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ውድድሩ መሃል እንግሊዛዊቷ ሯጭ ፓውላ ራድክሊፍ ስትደክም ደራርቱ ዞር ብላ «ነይ እንጂ» እያለች ታበረታታት ነበር። ተፎካካሪዋን! ቀነኒሳ ደግሞ በ2024 ለንደን ላይ በ41 ዓመቱ 2:04:15 ገብቶ ሁለተኛ ወጣ፤ በዚያው ክረምት ፓሪስ ኦሊምፒክ ላይ ማራቶን ሮጠ። የሁለቱም ቤት ገንዘብ ከገባ ቆይቷል። ስማቸውም ከታሪክ አይጠፋም። ሰው በዚያ ዕድሜ በዚያ ሕመም ውስጥ የሚቆየው ነገሩን ሲወደው ይመስለኛል። ይሄን ሁሉ አንድ የስፖርት መምህር ሠራው አልልም። ግን በልጅነታቸው ያን ፍቅር ያጠፋባቸው ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ብዙ ነው።

እኔን ወደ ሩጫ የመለሰችኝ ያቺ ከኋላ ትቀር የነበረች ልጅ ናት። ዛሬም ትሮጣለች። በየኅዳሩ ለታላቁ ሩጫ ከልጆቿ ጋር ቲሸርት ትገዛለች። አንድ ዓመት ለእኔም ገዝታ ደወለችልኝ። «ቀስ ብለን ነው» አለችኝ። መስቀል አደባባይ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ እያየሁ፣ ማንም ሳይመዝነኝ፣ ሮጥኩ።

አሁን የእህቴ ልጅ ኳስ ትጫወታለች፤ ሰፈር ባለ ፕሮጀክት ውስጥ። ሜዳው ድንጋያማ ነው፣ ታኬታ ያላቸው ጥቂቶች ናቸው። አሰልጣኙ ወጣት ልጅ ነው፤ የትራንስፖርቱን ከኪሱ ነው የሚከፍለው። ከመመዝገቧ በፊት ሄጄ ከዳር ቆሜ አየሁ። የማየው ነገር አንድ ነው። ኳስ ያመለጣት ልጅ መጀመሪያ የት ታያለች? የሚያስፈራ አሰልጣኝ ካለ መጀመሪያ የምታየው ፊቱን ነው፤ ኳሱን የምትከተለው ከዚያ በኋላ ነው። እዚህ ግን ኳሱን ነበር የሚከተሉት። በረኛዋ በእግሮቿ መሃል ገባባትና ማልያዋን ፊቷ ላይ ጎትታ ተቀመጠች። አሰልጣኙ ሄዶ አጠገቧ ቁጢጥ አለ፣ የሆነ ነገር ነገራት። ልጅቷ በሳቅ ፈነዳች። ልምምዱ ሲያልቅ ምን እንዳላት ጠየቅኩት።

«እኔም በረኛ ነበርኩ፣ እህቴ። የገባብኝን ነው የነገርኳት። የእኔ ከእሷ ይብሳል።»

ያን ዕለት አስመዘገብኳት።

እንደዚህ ዓይነት ወጣት አሰልጣኞች በየሰፈሩ አሉ። ብዙዎቹ ሥልጠና አላገኙም፤ ስለ ልጆች አእምሮ፣ ስለ ሴቶች ሰውነት የነገራቸው የለም። ክለቦችና ፌዴሬሽኖች እዚህ ላይ ቢበረቱ ደስ ይለኛል። ሴት ልጆች ባሉበት ቡድን ሁሉ ቢያንስ አንዲት ሴት አሠልጣኝ ወይም ነርስ ትኑር፤ አንዲት ልጅ የወር አበባዬ ቀረ ብላ የምትነግራት። ክብደት መለካት ካስፈለገ በሩ ተዘግቶ ይለካ፣ ቁጥሩም ከልጅቷና ከሐኪሟ አይለፍ። ልምምድ ያቋረጠች ልጅ ደግሞ ይደወልላት። ወጪው አንድ ስልክ ነው። ለእኔ ያኔ ቢደወልልኝ ምናልባት ወደ ክለቡ አልመለስም ነበር፤ ሩጫን ግን ያን ያህል ዓመት አልተወውም ነበር።